ልጇን ያላቀፈች አራስ

«አራስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብቻውን የሚቆም ቃል አይደለም። ቃሉን የሰማ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ሴቲቱ ብቻ ሳትሆን ዙሪያዋን ያለው ዓለም በሙሉ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ጓዳ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ የአጥሚት ሽታ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች የምትገባ ጎረቤት፣ እልልታ፣ ከሁሉም በላይ ግን በእቅፏ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን። ጠያቂው ገንፎውን ቀምሶ፣ መርቆ ከመውጣቱ በፊት ሕፃኑን ማየት ይፈልጋል። «እስቲ ልየው፤ ማንን መሰለ?» ይላል። በክርስቲያኑ ቤት ለወንዱ አርባ፣ ለሴቷ ሰማንያ ቀን እየተቆጠረ ክርስትናው ይጠበቃል፤ በሙስሊሙ ቤት በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል፣ አቂቃ ይታረዳል። ባህሉ ለወላዲቱ የሚሰጠው ክብርና እንክብካቤ ሁሉ የተሠራው ሕፃኑ እዚያው ከጎኗ አለ በሚል መሠረት ላይ ነው።

ይህ መሠረት ሲናጋስ? ሕፃኑ ተወልዶ፣ በሕይወትም እያለ፣ እናቱ ዘንድ ከሌለስ?

በትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የሚባል ቦታ አለ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሲወለዱ የታፈኑ፣ በኢንፌክሽን የተያዙ፣ ክብደታቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናት የሚገቡት እዚያ ነው። ልጇ እዚያ የገባባት ሴት ምን ተብላ ትጠራለች? ቋንቋው ለእሷ ብቻ ያበጀላት ስም የለም። በሆስፒታሉ ግቢ «አስታማሚ» ትባላለች። ቃሉ ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው። አስታማሚ ማለት እሱ ራሱ ጤነኛ ሆኖ የታመመ ዘመዱን የሚረዳ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ወለል ላይ አንጥፎ የሚያድር ሰው ነው። አራስ ደግሞ ሌሎች የሚያጎርሷት፣ ብርድ እንዳይመታት የሚሸፍኗት ሴት ናት። ይህች እናት በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆና ትገኛለች። ስፌቷ ሳይጠግግ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ልትታረስ በሚገባት ሰሞን ታስታምማለች። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የምታስታምመውን አራስ ማን ያርሳታል?

ነገሩ የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና አጋሮቹ ባወጡት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ወደ 13.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 33ቱ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ቁጥሩ ስለ ሕፃናቱ ይናገራል። ከእያንዳንዱ ሕፃን በስተጀርባ፣ በር ላይ የቆሙትን ሁለት ሰዎች ግን አይቆጥርም። ልጃቸው የዳነላቸውም ቢሆኑ ያሳለፏቸው የጭንቀት ሳምንታት በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገቡም።

ወላጆች ከበሩ ውጭ የቆሙት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ ታሪክ አለው። በፓሪስ ከተማ ኤቲየን ታርኒየ የተባለ የማኅፀን ሐኪም የጫጩት መፈልፈያ አይቶ፣ በዚያ አምሳያ ለሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ነበር። ሣጥኑ ብዙ ሕፃናትን ከብርድ ሞት አዳነ። ይሁን እንጂ የእሱን ፈለግ የተከተለው ሐኪም ፒየር ቡዳን ቆየት ብሎ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ልጃቸውን ለማሞቂያው አስረክበው ከራቁት እናቶች አንዳንዶቹ ልጁ ከዳነ በኋላ ሊወስዱት አልተመለሱም። ያላጠቡትን፣ ያላቀፉትን፣ ሌላ ሰው የደከመለትን ልጅ እንደ ራሳቸው ማየት ተስኗቸው ነበር። ስለዚህ ቡዳን እናቶቹ ከልጆቻቸው ሳይርቁ እንዲያጠቡ አጥብቆ መከረ። ምክሩን የሰማው ግን ጥቂት ነው። በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ በተባለው መዝናኛ ስፍራ ማርቲን ኩኒ ከ1903 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሞቂያዎቹን ከነሕፃናቱ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። መግቢያው 25 ሳንቲም ሲሆን፣ ገንዘቡ ለሕፃናቱ ሕክምና ይውል ስለነበር ወላጆች አይከፍሉም ነበር። ሰውየው ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ሥዕሉ ግን ያስደነግጣል፤ አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ከፍሎ የሰው ልጅ በመስታወት ውስጥ ሲተነፍስ ይመለከታል።

የኋላ ኋላ ሆስፒታሎች ኢንፌክሽንን በመፍራት በሩን ይበልጥ አጠበቁት። በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በብዙ አገር እናት ልጇን የምታየው ከመስታወት ማዶ ቆማ ነበር። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን ልማድ ተጠራጥረው እናቶች እጃቸውን ታጥበው ወደ ክፍሉ እንዲገቡ ፈቀዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው ጥናታቸውም የተፈራው ኢንፌክሽን እንዳልጨመረ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1976 ማርሻል ክላውስና ጆን ኬኔል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ባሳተሙት መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእናትና በልጅ መካከል ስለሚፈጠረው ትስስር ሰፊ ክርክር አስነሡ። ከእነሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች «የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ካመለጡ ሁሉም አመለጠ» የሚያሰኘውን ሐሳብ አለዝበውታል። ይህም ለወላጆች ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ዘግይቶ የተጀመረ ፍቅር ጎዶሎ ፍቅር አይደለምና።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን የሀብታሞቹ አገር ዕውቀት ሳይሆን የድሆቹ እጦት ነበር። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ማሞቂያ አንሶ ሁለትና ሦስት ሕፃናት በአንድ ሣጥን ይተኙ፣ ኢንፌክሽንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕፃናቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ልብሳቸውን አስወልቆ በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስተኛቸው። የእናት ገላ ማሞቂያ ሆነ። ዘዴው ልጇን በኪሷ ይዛ በምታሳድገው እንስሳ ስም የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በኢስቶኒያ ከተማ በታሊን ዶክተር አዲክ ሌቪን ነርሶች ቢያንሱት እናቶቹን አስገብቶ ሌት ተቀን ልጆቻቸውን እንዲንከባከቡ አደረገ። በአንደኛው አገር ማሞቂያ፣ በሌላው አገር ነርስ ጠፋ፤ በሁለቱም በጉድለቱ ሥፍራ እናት ቆመች። እነሆ ጉድለቱን ለመሙላት የተጠራችው ሴት ከጉድለቱ በላይ ሆና ተገኘች።

ኢትዮጵያም በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በአዲስ አበባ 123 ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን አካትቶ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የዶክተር ቦጋለ ወርቁና የባልደረባቸው ጥናት፣ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በእናታቸው ደረት ላይ የተደረጉት ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ቆይቶ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናትን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ታላቅ ጥናት ይህንኑ አጸናው፤ ወዲያው ከተወለዱ ጀምሮ ከእናታቸው ገላ ካልተለዩት መካከል የሞቱት በመቶ 12 ሲሆኑ በሌላው ወገን በመቶ 15.7 ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩን ለወጠ፤ እናትና ልጅ ሳይነጣጠሉ እንዲታከሙ፣ ቤተሰብም በእንክብካቤው እንዲሳተፍ አሳሰበ። ልጅን በአንቀልባ አዝሎ ማሳደግ ለለመደ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አንቀልባው ከጀርባ ወደ ደረት ዞረ ማለት ነው።

የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይህን ሁሉ በቅርብ ያሳያል። ሚስት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣ ባል በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በሰባተኛው ወር፣ 1,300 ግራም ሆና፣ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ተወለደች። እናቲቱ ያየችው የአውራ ጣት ያህል የሆነች አንዲት እግር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሕፃኗን ይዘው ሮጡ። እናቲቱ ስድስት አልጋ ባለው ክፍል ተኛች። በአምስቱ አልጋዎች ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ የእሷ አልጋ ጸጥ ያለ ነው። ሌሊት የጎረቤት አልጋ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር የእሷ ጡት ይወጠራል። የሥጋ ዕውቀት እንዲህ ነው፤ ልጁ የማን እንደሆነ አይመረምርም።

እናቷ ከደብረ ብርሃን አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ደረሱ። «ልጅቷስ?» አሉ ገና ከበሩ።

«ላይ ናት እማዬ» አለች።

«ላይ» ማለቷ ሦስተኛ ፎቅ ለማለት ነበር። አሮጊቷ ግን ቃሉን በሌላ ተርጉመው አማተቡ፤ ነጠላቸውንም አዘቀዘቁ። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው ሴት «እማማ፣ በሕይወት ናት!» ብላ እስክትጮህ ድረስ እናትና ልጅ መተያየት እንጂ መናገር አቅቷቸው ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ እናቲቱ ወደ ሦስተኛው ፎቅ አልወጣችም። ለጠየቃት ሁሉ ስፌቱ እንደሚያማት ትናገራለች፤ ስፌቱም በእርግጥ ያማታል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ካየኋት እወዳታለሁ፤ ከወደድኋት በኋላ ብትሞትስ? አያቲቱም በበኩላቸው አጎንብሰው በጆሮዋ «ልጄ፣ አትልመጂያት» ብለዋታል። ይህ ምክር ከጭካኔ የመጣ አይደለም። ሴትዮዋ ከወለዷቸው መካከል ሁለቱን ክርስትና ሳያነሡ የቀበሩ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የሚድንበት ሣጥንም፣ ኦክስጅንም፣ ሐኪምም አልነበረም፤ የነበረው መከላከያ ልብን ማጠንከር ብቻ ነው። «አንቺ ትረፊ እንጂ ልጅስ ይተካል»፣ «ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ» የሚሉት የጠያቂ ቃላት ሁሉ የተወለዱት ከዚያ ዘመን ነው። ብዙ ጨቅላ የቀበረ ኅብረተሰብ እናቶቹ እንዳያብዱ ያበጀው ጥበብ ነበረ። ዛሬ ግን ሕፃኗ እየተነፈሰች ነው። ለምትተነፍስ ልጅ የተነገረ የሐዘን ቃል እናቲቱን ወደ ለቅሶ ቤት አስቀድሞ ያስገባታል፤ የልጅቷን ዕድልም ይቀማታል፤ ልጅቷ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ወተትና ገላ እናቷ ዘንድ ነውና።

ሕፃኗን በመጀመሪያ ያየው አባቷ ነው። ያየውን ግን ለማንም አልተናገረም። በአፍንጫዋ ሲፓፕ የሚሉት የአየር ቱቦ፣ በአፏ የምግብ ቱቦ፣ በእጇ መርፌ ገብቶ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ወደ ሚስቱ ወርዶ «ደህና ናት፤ አንቺን ትመስላለች» አላት። ማንን እንደምትመስል የሚታወቅበት ፊት አላየም። ከዚያ በኋላ ሥራው ሩጫ ሆነ። ሆስፒታሉ ውስጥ የታጣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል፣ የደም ናሙና ያመላልሳል፣ ደረሰኝ እያጠፈ ኪሱ ውስጥ ይከታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍቱ 3 ተከታታይ ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ቢሮው ገብቶ አንዱን የሒሳብ ዓምድ ሦስት ጊዜ ደመረ፤ ሦስት የተለያየ ድምር አገኘ። ባልደረቦቹ ደጎች ናቸው። «ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጅቷስ?» ይሉታል። «አንተስ?» ያለው ግን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ አድርገው «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!» አሉት። ቃሉ የተወረወረው ለማበርታት ነው፤ የሠራው ሥራ ግን አፉን መዝጋት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከጽኑ ሕክምና ክፍሉ አንዲት ነርስ ወደ እናቲቱ አልጋ ወርዳ መጥታ ነበር። ስለ ፍርሃትም፣ ስለ ፍቅርም አልሰበከችም። «የኔ እናት፣ ነይ አብረን እንውጣ፤ ቀስ እንላለን፣ ደረጃው ላይ እናርፋለን» አለቻት። ከበሩ ላይ እጇን አስታጠበቻት። ወደ ሕፃኗ ከማቅረቧ በፊት መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ይህ ሙቀቷን፣ ያ የልብ ምቷን፣ ይኸኛው ደግሞ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቆጥራል። «የምትሰሚው ጩኸት ሁልጊዜ አደጋ ማለት አይደለም፤ እግሯን ስታወራጭም ይጮኻል። እኔ ሳልሮጥ ካየሽ አንቺም አትደንግጪ።» ከዚያም የሣጥኑን መስኮት ከፍታ «አትደባብሺያት፤ ቆዳዋ ገና ስስ ስለሆነ መደባበስ ያስጨንቃታል። አንድ እጅሽን በራሷ ላይ፣ አንዱን በእግሯ ላይ አሳርፈሽ ዝም ብለሽ ያዣት» አለቻት።

እናቲቱ ያዘቻት። ሕፃኗ ከመወራጨት አረፈች።

«ታውቀኛለች ሲስተር?»

«ሰባት ወር ድምፅሽን ይዛ ነው የመጣችው። አናግሪያት።»

በዚያች ቅጽበት የተለወጠው ምንድን ነው? የሕፃኗ ሕመም አልተለወጠም፤ ሳንባዋ እንደነበረው ነው። የተለወጠው የእናቲቱ ሥፍራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ ልጇ ጉዳይ እንግዳ ነበረች፤ አሁን የሚጠበቅባት ሥራ አገኘች። አሜሪካዊቷ የነርስነት ምሁር ማርጋሬት ማይልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 የወላጆችን ጭንቀት የሚለኩበት መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። በመጠይቁ የተጠቀሙ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ወላጅን አብዝቶ የሚያስጨንቀው የመሣሪያው ጩኸት ወይም የክፍሉ ብርሃን ሳይሆን የወላጅነት ሥፍራን ማጣት ነው፤ ልጅን አለማቀፍ፣ አለመመገብ፣ ከሥቃይ አለመከላከል። እንግዲህ ማጽናናት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ያንን ሥፍራ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ የበርናዴት ሜልኒክና የባልደረቦቿ ጥናት ስለ ልጃቸው ጠባይና ስለ ራሳቸው ድርሻ አስቀድመው የተማሩ ወላጆች ጭንቀታቸው መቀነሱን ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውም ከጽኑ ሕክምና ወደ 4 ቀን ገደማ ቀድመው መውጣታቸውን አሳይቷል። በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ26 ክፍሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናትም የታሊንን ፈለግ ተከትሎ ወላጆችን በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት የእንክብካቤው ባለቤት ሲያደርጋቸው ሕፃናቱ ክብደት በተሻለ ሁኔታ ጨመሩ፤ የወላጆቹም ጭንቀት ቀነሰ።

መምህርቷም ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን እንገሯ በሲሪንጅ ጫፍ የተለቀመ ጥቂት ጠብታ ነበር። አያቲቱ አይተው «ይህቺ ምን ትሆናታለች?» አሉ። ነርሷ ግን ጠብታዋን እንደ ትልቅ ነገር ተቀብላ በመዝገብ ላይ ጻፈቻት። በማግሥቱ በዛ፤ በሦስተኛው ቀን ሲሪንጁ ሞላ። ልጅቷ ሲፓፑን በተላቀቀች ጊዜ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ በእናቷ ደረት ላይ ተደረገች። እናቲቱ ሳታስበው እሹሩሩ ማለት ጀመረች። እስከዚያ ቀን ድረስ በካርዱ ላይ የእናቲቱ ስም ብቻ ነበር የተጻፈው። የዚያን ዕለት ማታ አባትዮው ከሥራ ሲመጣ ሸሚዙን ፈትቶ ተራውን ተቀበለ፤ ስምም አወጣላት። አያቲቱ ስሙን ሲሰሙ ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡትን ቡልኮ «ለልጅቷ ይሁን» ብለው ሰጡ።

እናቶቹ የሚያርፉበት ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ከሰላሌ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከመርካቶ የመጡ ሴቶች ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተው ያድራሉ። በስም አይተዋወቁም፤ «የመንታዎቹ እናት»፣ «የዘጠኝ መቶ ግራሙ እናት» እየተባባሉ ይጠራራሉ። ማለዳ ከሚዛን የሚመለሰውን ወሬ በጉጉት ይጠብቃሉ፤ ሃያ ግራም የጨመረላት ሴት ደስታዋን ዝቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች፤ የቀነሰባት አለችና። የቆየችዋ ለአዲሷ ወተት እንዴት እንደሚታለብ፣ የትኛው ዘበኛ አጥሚት እንደሚያስገባ፣ ዶክተሩን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ታስተምራለች። ከአንድ ሐኪም ምክር ይልቅ «የኔም እንዲህ ነበር» የሚለው የአንዲት ሴት ቃል የበለጠ የሚያረጋጋበት ሰዓት አለ። ይህን ማኅበር ማንም አላቋቋመውም፤ መዋጮ የለውም፤ እንደ ዕድር ግን ይሠራል። ሆስፒታሎች ልጃቸው የዳነላቸውን እናቶች እየጠሩ ከአዲሶቹ ጋር ቢያገናኙ ይህን በራሱ የበቀለ ዛፍ ውሃ አጠጡት ማለት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጋት ላይ የዘጠኝ መቶ ግራሙ እናት ፍራሽ ታጥፎ ተገኘ። ሁሉም አዩ፤ ማንም አልጠየቀም። ሌሎች ሕፃናት ይረበሻሉ ተብሎ ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር ያለቀሰችው። ነርሷ ይህን ስታይ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻት፤ ልጇን ያለ ቱቦ አጥባ፣ አልብሳ በእቅፏ አኖረችላት። «የፈለግሽውን ያህል ቆዪ፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ልጇን ፊቱ ሳይሸፈን ያየችው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

በብዙ አካባቢ ክርስትና ላልተነሣ ጨቅላ ሰፊ ለቅሶ አይቀመጥም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ወንዶች ወስደው ቶሎ ይቀብራሉ። እናቲቱ ባዶ እጇን ቤቷ ትገባለች። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ጡቷ ይሞላል። ይህ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ጡቷን ደግፋ እንድታስር፣ ሲያስጨንቃት ጥቂት ብቻ እንድታልብ አስቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ፣ የገዛ አካሏ ይሳለቅባታል። ስለዚህ የማጽናናት ሥራ በሞት አያልቅም። ተቀምጦ፣ በተረጋጋ ቦታ፣ የልጁን ስም ጠርቶ እውነቱን መንገር፤ ማቀፍ የምትፈልገውን ማሳቀፍ፤ አባትየውንም አብሮ ማስቀመጥ፤ ከዚያም በሳምንቱ ቤቷ ድረስ የሚጠይቃት ሰው መላክ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃሉ። ጊዜው ደግሞ ብዙ ሕፃናት ብቻዋን ከምትጠብቅ ነርስ የሚወሰድ ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ሕፃን ያጣች ነርስ ጠዋት ፊቷን ታጥባ «እንደምን አደራችሁ» ስትል እሷንም የሚጠይቃት ሊኖር ይገባል። የደከመ ሰው ቁጡ ይሆናል፤ በብዙ ክፍሎች እናቶች የሚያማርሩበት ግልምጫ ከክፋት ይልቅ ከዝለት የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመምህርቷ ልጅ በአርባ አንደኛው ቀን ወጣች። ቤት ሲደርሱ ደስታ ብቻ አልነበረም የጠበቃቸው። እናቲቱ ያ የለመደችው ጩኸት ስለሌለ እንቅልፍ አጣች፤ ሌሊት ሌሊት እጇን በልጅቷ ደረት ላይ እያሳረፈች ትንፋሽ ትቆጥራለች። ልጃቸው በጽኑ ሕክምና ባለፈ እናቶች ዘንድ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ከሌሎች ይልቅ እንደሚበዛ በሚገባ የታወቀ ነው። ዘመድ ግን «ይኸው ዳነችልሽ፤ አሁን ምን ያስለቅስሻል?» ይላል። ከወሊድ በኋላ ከተፈቀዱላት 90 ቀናት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሆስፒታል ወለል ላይ አልቀዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የ2022ቱ ምክር የወላጅ ፈቃድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ወላጆች ልዩ ችግር እንዲያገናዝብ የጠየቀው ይህን ስለተመለከተ ነው። መሥሪያ ቤት የሚመሩ ሰዎች አዋጅ እስኪሻሻል ሳይጠብቁ በእጃቸው ያለውን ማድረግ ይችላሉ፤ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሳምንት ቢጨመርለት ድርጅቱ አይፈርስም።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። በመድረክ ላይ ልደት በእልልታ ይታያል፤ ሞት በሙሾ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው የአርባ ቀን ጥበቃ፣ እልል የማይባልበት፣ የማይለቀስበትም ጊዜ፣ ቃል ጠያቂ ሆኖ ቆይቷል። ሰው ቃል ላጣለት ነገር የሚመልሰው የቆየ ቃል ነው፤ «ይተካል» የሚለው ቃል በአፍ የሚቀረው ሌላ ስላልተሰጠው ነው። ጸሐፊው ለዚህች አራስ የሚስማማ አነጋገር ቢፈልግ፣ ተዋናዩ በር ላይ የቆመውን አባት ቢያሳይ፣ መምህሩ ለተማሪዎቹ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ስም እንደሚገባው ቢያስረዳ፣ የሬዲዮ ድራማ ደራሲውም የገላ ለገላ እንክብካቤን ወደ ገጠሩ ቤት ቢያደርስ፣ ከሐኪሙ ጋር አብረው ሠሩ ማለት ነው።

ለጠያቂውም የሚሆን ነገር አለ። ወደ ሆስፒታሉ ሲሄድ ለእናቲቱ አጥሚቱን ይያዝላት፤ ለአባትየው የአንድ ቀን ሩጫ ይቀበልለት። «ማንን መሰለች?» የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ይቆይ። «ዛሬ አየሻት? ስንት ግራም ጨመረች?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሁለቱም ሲመልሱ እስከ መጨረሻው ይስማ።